እረኛ ያጣ ከብት፣ ከብት የሚያድን እረኛ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ሰሞኑን ከሐሳቤ ያልወጣው የሰሜን ቦትስዋና ከብት ነው። እኛ ዘንድ ከብት ያለ እረኛ ማሰማራት አልተለመደም። ኦካቫንጎ በሚባለው የአገሪቱ ረግረጋማ ምድር ዳርቻ ግን ብዙው ከብት ጠዋት ተለቆ ብቻውን ይውላል፤ ሲመሽ ሁሉም አይመለስም። አንበሳም ውጭ ያደረውን ያገኛል። ባለቤቱ ተናዶ ጥንቡ ላይ መርዝ ካደረገ ደግሞ ጅቡም ጥንብ አንሳውም አብሮ ያልቃል።

የወል እረኝነትን የምደግፈው ለዚህ ነው። መንደሩ ከብቱን በአንድ መንጋ ይሰበስባል፤ በደመወዝ የተቀጠሩ እረኞች ቀን ያግዱታል፣ ማታ በተንቀሳቃሽ በረት ያሳድሩታል። የበረቱ ግድግዳ ከከብቱ ዓይን ከፍ ያለ፣ የማያሳይ ወፍራም ሸራ ነው። ጥቅሙ ከጥንካሬው አይደለም። የእሾህ አጥር ሲሆን አንበሳው መግባት እንኳ አያስፈልገውም፤ ዙሪያውን ሲያንዣብብ ከብቱ አይቶት ይደነብርና አጥሩን ጥሶ ይወጣለታል። ሸራው እንዳይተያዩ ያደርጋል። ስለዚህ ተወጥሮ መታሰር አለበት፤ ከሥሩም ክፍተት አይተውም።

በረቱ አንድ ቦታ ላይ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ማሳ ላይ ከተተከለ እበቱና ሽንቱ ለቀጣዩ ዘር ማዳበሪያ ይሆናል። በዝናብ ወቅት መሬቱ ከጨቀየ ግን ቀድሞ ይነሳል፣ አለዚያ ሰኮና ይበሰብሳል። ግጦሹም ሣሩ ሳያገግም አይደገምም።

መንጋ ሲቀላቀል በሽታም ይቀላቀላል፤ ስለዚህ የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት ይቅደም። በዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1995 የገባውን ተላላፊ የከብት ሳንባ በሽታ ለማጥፋት 320,000 ያህል ከብት ተወግዷል። የሥጋ ገበያን የሚያዘጋውን አፍተግርን በተመለከተ ደግሞ ተሸካሚው ጎሽ ነው፤ መንጋውን ከጎሽ የሚያርቅ እረኛ ለሥጋው ገበያ መንገድ ይከፍታል። ይህን ጥቅም ከአንበሳው ጉዳይ አሳንሼ አላየውም።

የሚያሰጋኝ ደመወዙ ነው። የፕሮጀክት ገንዘብ ሲያልቅ እረኛው ይሄዳል፣ ከብቱም እንደ ድሮው ይለቀቃል። ከሚሸጠው ከብት ለእረኞች የሚቀነሰው ድርሻ መንጋው ሳይሰበሰብ በፊት በስምምነት ይጻፍ። የምታለብ ላሜ ከቤት አትራቅ ከሚል ባለቤት ጋር ግን ክርክር አያስፈልግም፤ ወተቱ የልጆቹ ምግብ ነው፣ ላሚቱ መንደር ትደር።