በወሎ ከተሞች የሕፃናት ማቆያ ለመክፈት ፈቃዱ ስንት ያስወጣል?

ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ ወይም በሐይቅ የሕፃናት ማቆያ ለመክፈት ፈቃድ ማውጣት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከጻፋችሁልን መካከል አብዛኞቻችሁ ጥያቄውን ያቀረባችሁት በአንድ ዓይነት አነጋገር፣ «ፈቃዱ ስንት ብር ነው?» ብላችሁ ነው። መልሱን ሳላንዛዛ ልስጣችሁ፤ በመሥሪያ ቤቱ መስኮት የምትከፍሉት የአገልግሎት ክፍያ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው። ትንሹ ነው። ኪስ የሚያራቁተው እዚያ መስኮት እስክትደርሱ ድረስ የሚወጣው ገንዘብ ነው፤ እርሱን ደግሞ ማንም ደረሰኝ ቆርጦ፣ አንድ ላይ ደምሮ አያሳያችሁም።

ነገሩን በቡና ላስረዳችሁ፤ ወሎ ተቀምጦ በሌላ ነገር ማስረዳት ነውር ይመስለኛል። አንዲት እመቤት ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታ «ይህ ቡና ስንት ፈጀብሽ?» ተብላ ብትጠየቅና የፍሬውን ዋጋ ብቻ ብትናገር ማንም አያምናትም። ፍሬው እፍኝ ነው። ቄጤማው አለ፣ ዕጣኑ አለ፣ ቆሎው ወይም ዳቦው አለ፣ ረከቦቱና ስኒው አስቀድሞ ተገዝቷል፣ ስኳሩም አለ። (ቡና በጨው ነው የምትሉ ወገኖቼ፣ ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ።) ከሁሉ በላይ ግን ከሰሉ አለ። ከሰል አንዴ ከተያያዘ እንግዳ ዘገየ ብሎ አይጠብቅም፤ እንግዳው ቢመጣም ባይመጣም ይነድዳል፣ ጀበናው ቢጣድም ባይጣድም ይነድዳል። እንግዲህ በእኛ ጉዳይ ፍሬው የፈቃዱ ክፍያ ነው። ረከቦቱና ስኒው አልጋው፣ ፍራሹና ማቀዝቀዣው ነው። ከሰሉ ደግሞ የቤት ኪራዩ ነው። እንግዳውስ? እንግዳው ቤቱን አይቶ ብቃቱን ሊመሰክር የሚመጣው ባለሙያ ነው። እርሱ ዛሬ ስብሰባ ላይ ነው፤ ነገ መስክ ይወጣል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ለመኪናው ነዳጅ አልተገኘም። ከሰሉ ግን ይነድዳል።

ቆዩ፣ ቡናውን ገና አልጨረስነውም። አቦል ከተጠጣ በኋላ ቶና አለ፣ በረካም አለ፤ ለእያንዳንዱም ውኃ ይጨመራል፣ ከሰሉም ይቆሰቆሳል። ፈቃድም በየዓመቱ ይታደሳል። እኔ የታዘብኩት፣ ብዙ ሰው ያለውን ሁሉ አቦሉ ላይ ያፈስሰውና ቶናው ሲደርስ እጁ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ቡናው ለዛሬ ይበቃናል፤ ወደ ብሩ እንሂድ።

ለማስላት እንዲመቸን የቤቱ ኪራይ በወር 20,000 ብር ነው እንበል። ውሉን ከፈረማችሁበት ቀን አንሥቶ ፈቃዱ እጃችሁ እስኪገባ ሦስት ወር ቢፈጅ፣ አንድም ሕፃን ሳይገባ 60,000 ብር ወጥቷል። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ካለ ደግሞ 120,000 ብር በአንድ ቀን ይወጣል። ውሉ የአንድ ዓመት ቢሆን ጠቅላላ ዋጋው 240,000 ብር ነው፤ የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 በኪራይ ውል ላይ ባስቀመጠው 0.5 በመቶ ሲሰላ 1,200 ብር ይሆናል። ልዩነቱን ተመልከቱት፤ መንግሥት የሚወስደው 1,200፣ መጠበቅ የሚወስደው 60,000።

የአሠራሩን ቅደም ተከተል አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት በአጭሩ አልፈዋለሁ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ታወጣላችሁ፤ በንግድ መዝገብ ትመዘገባላችሁ፤ ከሚመለከተው ዘርፍ መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ታገኛላችሁ፤ ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ። ማቆያ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ ሥራ ሲሆን፣ ከፍ ያሉትን ልጆች የሚያስተምረው መዋዕለ ሕፃናት ግን የትምህርት ዘርፍ ነው። ሁለቱንም በአንድ ግቢ እሠራለሁ ያለ ሰው ሁለት በር ያንኳኳል። ከሁሉ በፊት ግን፣ ማለትም ቤት ከመፈለጋችሁም በፊት፣ የማቆያ መመሪያውን ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ጠይቃችሁ ውሰዱና አንብቡት። ኮፒ ለማስደረግ የምታወጡት ገንዘብ ከዚህ ሁሉ ወጪ እጅግ የተባረከው ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ደሴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ ሥር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ደልዳላ ግቢ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ከመንገዱ ወርዳችሁ በድንጋይ ደረጃ ነው ወደ ግቢው የምትገቡት፤ ደረጃው በዝናብ ሙልጭ ብሏል፣ መደገፊያም የለው። ለተከራይ ቤተሰብ ይህ ምንም አይደለም፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ለሆነው፣ ገና እየተንገዳገደ ለሚሄድ ልጅ ግን አደጋ ነው። ስለዚህ ብየዳ ቤት ትሄዳላችሁ፤ ከላይና ከታች በር፣ በጎን መደገፊያ ታሠራላችሁ። ቤቱ የእናንተ አይደለም፤ ብረቱ ግን በእናንተ ገንዘብ እዚያው ተበይዶ ይቀራል። ከዚያ ብርዱ አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ጠዋት ክፍሉ መሞቅ ይፈልጋል፤ ሕፃናት በተኙበት ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ግን በፍጹም አይታሰብም። ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አይጠፋም፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ለእርሱም የሚበቃ የመብራት መስመር ያስፈልጋል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣም ሮቶ ከነማቆሚያው ይታከልበታል። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርጄ ኮምቦልቻ እከፍት ነበር። ሞቅ ይላል፣ መሬቱ ከደሴ ይልቅ ደልዳላ ነው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ፋብሪካዎቹም ብዙ ወጣት እናቶችን ቀጥረው ያሠራሉ። የደሴ ልጆች ቅር እንዳይላችሁ፤ የተናገርኩት ስለ ደረጃው ነው።

ወጪውን የሚያንረው ሌላው ነገር የሕፃናቱ ዕድሜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። እንግዲህ እናቲቱ ሥራ ስትመለስ ልጇ የሦስት ወር ጨቅላ ነው፤ ማቆያ አጥብቃ የምትፈልገውም ያኔ ነው። ይህ ዕድሜ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያስወጣል። አንዲት ሞግዚት ሦስት ዓመት የሞላቸውን ብዙ ልጆች መያዝ ትችል ይሆናል፤ ጨቅላዎችን ግን ታቅፋ ጡጦ የምታጠባው አንድ በአንድ፣ በተራ ነው። ታልቦ የሚመጣ የእናት ጡት ወተት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ጡጦው መቀቀል አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማቀዝቀዣው ቁም ሣጥን ይሆናል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ የምትቀበሉትን ዕድሜ ስትሞሉ፣ ሳታውቁት በጀታችሁን እየሞላችሁ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማስተካከል ያለብኝ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ብዙዎቻችሁ «አከራይ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ማስወጣት አይችልም፣ ኪራይም እንደፈለገ አይጨምርም ተብሎ በአዋጅ ወጥቷል፤ ታዲያ ስለ ኪራይ ምን ያስጨንቀናል?» ብላችሁ ጽፋችኋል። አዋጁ አለ፤ ቁጥሩ 1320/2016 ነው። ዝቅተኛ የውል ዘመን ሁለት ዓመት ብሎ መደንገጉም፣ ጭማሪውን መቆጣጠሩም እውነት ነው። ስሙን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ነው የሚለው። የመኖሪያ ቤት! ሃያ ሕፃን ውሎ የሚገባበት፣ የንግድ ፈቃድ ግድግዳው ላይ የተሰቀለበት ቤት መኖሪያ ሊባል አይችልም። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ብልጠት የመሰላችሁን መንገድ ጠቁማችሁኛል፤ ውሉን ለመኖሪያ ብሎ መፈራረም፣ ሥራውን ግን ማቆያ አድርጎ መሥራት። ይህ ብልጠት ሳይሆን ገመድ ነው። ለፈቃድ የምታቀርቡት ውል ራሱ ቤቱ የተከራየው ለመኖሪያ ነው ብሎ ይመሰክርባችኋል፤ አከራዩም በፈለገ ጊዜ «ከውሉ ውጭ ተጠቀሙበት» ብሎ ሊያስወጣችሁ ምክንያት ያገኛል። የንግድ ቤት ኪራይን የሚገዛው በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና እናንተ ራሳችሁ የፈረማችሁት ወረቀት ነው። ስለዚህ ጥበቃ ከፈለጋችሁ ውሉ ውስጥ አስገቡት፤ ዘመኑን አርዝሙት፤ ጭማሪው በስንት ዓመት፣ በምን ያህል እንደሚሆን አስጽፉ፤ ብየዳውና ሮቶው የማን እንደሚሆን አስጽፉ። ከሁሉም በላይ፣ ኪራዩ መታሰብ የሚጀምረው የብቃት ማረጋገጫው ከተሰጠ በኋላ እንዲሆን፣ እስከዚያው ግን ቤቱን ለመያዝ መጠነኛ ገንዘብ እንዲከፈል ጠይቁ። «እንዴት ተደርጎ!» የሚል አከራይ ሞልቷል። ባዶ ቤት ይዞ ከመቀመጥ ይሻላል ብሎ የሚስማማም አለ፤ ለእርሱ ሽማግሌ ላኩበት፣ ወሎ ለዚህ ሰው አያጣም።

በነገራችን ላይ፣ እዚህ ድረስ ተከታትላችሁ ቻናላችንን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ካላችሁ፣ ይህ በነፃ የሚገኝ ብቸኛው ፈቃድ ነውና አሁኑኑ አድርጉት።

ስለ ሠራተኞች ጥቂት ልበል። ሞግዚቶችና ምግብ አብሳይዋ የጤና ምርመራ ማስረጃ ያስፈልጋቸዋል፤ ከወንጀል ነፃ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃም ወላጅ ባይጠይቅ እንኳ እናንተ ልትጠይቁት የሚገባ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ጡረታ ነው። አሠሪ ከደመወዙ 11 በመቶ ይከፍላል፤ ከሠራተኛዋ ደግሞ 7 በመቶ ይቀነሳል። ደመወዟ 6,000 ብር ከሆነ የእናንተ ድርሻ 660 ብር ነው፤ አራት ሞግዚት ካላችሁ በየወሩ 2,640 ብር። በእኔ አስተያየት የሰዎቹን ማስረጃ ለማመልከቻው አስቀድሞ ማሰባሰብ፣ ሥራ የሚጀምሩበትን ቀን ግን ከፈቃዱ ጋር አያይዞ በውል ላይ መጻፍ ይሻላል፤ አለዚያ ኪራዩ ላይ ደመወዝ ተደርቦ ይነድዳል።

ቶናውን ደግሞ አትርሱ። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ለዚያም የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ማስረጃ፣ ይጠየቃል። ጥሩ ጊዜ የሚባለው መስከረም አይደለም፤ ያኔ አዳዲስ ልጆች ይገባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ እናንተም አብራችሁ ታለቅሳላችሁ። ሐምሌ ላይ ሒሳባችሁን ዘግታችሁ ግብሩን አሳውቁ፤ የእሳት ማጥፊያው የአገልግሎት ጊዜ እንዳላለፈበትና የሠራተኞቹ የጤና ምርመራ ማስረጃ ጊዜው እንዳልተቃጠለ በዚያው ሳምንት አረጋግጡ፤ ለእድሳቱ የሚሆነውንም ገንዘብ ከወላጆች ወርኃዊ ክፍያ ላይ በየወሩ እየቀነሳችሁ በተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀምጡ።