ለጃዝ የሚሆነው ፒክ የቱ ነው? ከኤቲኤም ካርድ እስከ ተሰበረ ዋንጫ

እሷ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ጎንደር ፒያሳ፣ ያቺው ጠባብ ክፍላችን ውስጥ ነን። ዛሬ መብራት አለ። እስካሁን ማለቴ ነው።

እሱ፦ አታሟርቺ እንጂ።

እሷ፦ እሺ ጋሼ። ባለፈው አንድ ልጅ የድምፅ መልእክት ልኮልን ነበር። ጃዝ ጀምሬያለሁ፣ ግን ጊታሬ እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል፣ ልሽጠው ወይ ነው ያለው። አንተ ደግሞ ልጁን ስለ ጊታሩ አንድም ነገር ሳትጠይቀው «ፒክህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» አልከው። ያቺን የጊታሩን ክር የምንመታባትን ትንሽ ቁራጭ ማለት ነው።

እሱ፦ ላከ አይደል? ያቺ ስስ ነጭ ፒክ። ጊታር ስትገዢ በምርቃት የሚሰጡሽ። በሁለት ጣት ስትይዣት እንደ ወረቀት እጥፍ የምትል። ጊታሩ ምን አደረገ? ምንም!

እሷ፦ እሷም እኮ ፒክ ናት። ለጃዝ የማትሆነው ለምንድን ነው?

እሱ፦ ስሚ። (ጊታር ይሰማል) አንድ ኖታ ነው የመታሁት። ከድምፁ ቀድማ «ጭ» የምትል ነገር ሰማሽ?

እሷ፦ አዎ፣ ጥፍር ጠረጴዛ ላይ እንደመታ ያለ።

እሱ፦ እሱ ነው። ክሩን ስገፋው መጀመሪያ የሚታጠፈው ፒኩ ነው። ታጥፎ ታጥፎ ሲበቃው ነው ክሩ የሚለቀቀው። እጄ በሰዓቱ ደርሷል፣ ድምፁ ግን ትንሽ ዘግይቷል። ዝግ ባለ ዜማ አይታወቅሽም። ፈጠን ስትዪ ነው ጉድ የሚፈላው። በዚያ ላይ ድምፁ ሥጋ የለውም፣ አጥንት ብቻ ነው።

እሷ፦ አንድ ነገር ግን ልቃወም። ቺክቺካ ሲመታ ያቺው ስስ ፒክ ናት ቆንጆ የምትለው።

እሱ፦ መች ካድኩ? ቺክቺካ ላይ ክሮቹን በአንድ ጊዜ ነው የምትጠርጊው። ፒኩ ትንሽ እሺ ማለት አለበት፣ አለዚያ ክሩ መሃል ይሰነቀራል። ክራር የሚያውቅ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ግርፍ ሌላ፣ ድርድር ሌላ። ጃዝ ላይ ሶሎ ስትጫወቺ ኖታው አንድ በአንድ ነው የሚወጣው፣ እያንዳንዱ ብቻውን ነው የሚቆመው። እዚያ ላይ እሺ የማይል ፒክ ነው የሚያስፈልግሽ።

እሷ፦ በቁጥር ንገረን እስኪ። ገዢው ሱቅ ሄዶ ምን ይበል?

እሱ፦ ስስ የሚባለው ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። መካከለኛው 0.7 ገደማ። ወፍራም የሚሉት ወደ 1 ሚሊሜትር ይጠጋል። ብዙ የጃዝ ሰው ከ1 በላይ ነው የሚወደው። ይቺን አየሻት? ዳንሎፕ ጃዝ ስሪ ትባላለች። 1.38 ሚሊሜትር ናት። ከተለመደው ፒክ ታንሳለች፣ ጫፏም ሾል ያለ ነው። ስሟ ጃዝ ይሁን እንጂ ሮከሮቹም ወርሰዋታል። የሜታሊካው ኪርክ ሃሜት ሳይቀር በስሙ አሠርቶባታል።

እሷ፦ አንተ ግን ተጣልተሃት ነበር።

እሱ፦ እሱን ታወሪዋለሽ? እሺ። አንድ ሆቴል ምሽት እየተጫወትን ነው። ሙቀት፣ ሰው ሞልቷል፣ እጄ በላብ ርሷል። ሶሎዬ መሃል ላይ ፒኳ ሹልክ ብላ ወጣችና የጊታሩ ሆድ ውስጥ ገባች። ባለ ቀዳዳ ጊታር ነው እንግዲህ። የቀረውን በአውራ ጣቴ ጨረስኩት። በኋላ ጊታሩን ገልብጬ ሳራግፍ ሦስት የቆዩ ፒኮች አብረው ወጡ።

እሷ፦ (ትስቃለች) አውራ ጣት ደግሞ ነውር አይደለም። የጃዝ ጊታሪስቱ ዌስ ሞንትጎመሪ ስሙ የገነነው በአውራ ጣቱ ተጫውቶ ነው።

እሱ፦ እሱን ከኔ ጋር አታነጻጽሪ! ኢንዲያናፖሊስ እያለ ቀን ሥራ ይሠራል፣ ማታ ይለማመዳል። የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ሰው ይረብሻል ተባለና ፒኩን ትቶ በአውራ ጣቱ መታ ይባላል። ከዚያ ያ ለስላሳ ድምፅ መጣ። ስለዚህ «ለጃዝ ይሄ ብቻ ነው» የሚልሽን ሰው አትመኚው። ጆ ፓስ ፒክ ለሁለት ሰብሮ በትንሿ ቁራጭ ነበር የሚጫወተው። ፓት ሜቲኒ ደግሞ በሹሉ ጫፍ ሳይሆን በክቡ ጠርዝ ነው የሚመታው።

እሷ፦ እሱ ለምን?

እሱ፦ ክብ ጠርዝ ክሩን ሰፋ አድርጎ ነው የሚያገኘው። ድምፁ ጠቆር፣ ሞላ ይላል። ሹል ጫፍ ጥርት ያደርገዋል። ያ መልእክት የላከው ልጅ ዛሬ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ያቺኑ ፒክ አዙሮ በክብ ትከሻዋ ይሞክር። ግማሹ ችግሩ እዚያው ያልቃል።

እሷ፦ እንግዲህ ቃል የገባነውን ፈተና እናድርግ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። እሱ በሦስት ፒክ፣ በጃዝ ስሪ፣ ከካርድ በቆረጣትና ከቀንድ በሠራት፣ ያንኑ አጭር ዜማ በአንቺሆዬ ቅኝት ይመታል። እኔ እገምታለሁ። ዞሬያለሁ!

(ጊታር ይሰማል፤ ሦስት ጊዜ)

እሷ፦ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ነው፣ ጃዝ ስሪ። ሁለተኛው... እሱም ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ይቧጭራል። ያቺ የቆረጥካት ካርድ። ሦስተኛው ሞቅ ይላል፣ ቀንዱ ነው።

እሱ፦ ቀንዱን አገኘሽው። ሁለቱን አቀያይረሻቸዋል።

እሷ፦ ምን? የመጀመሪያው የኤቲኤም ካርድ ነው?

እሱ፦ ጊዜው ያለፈበት የራሴው ካርድ። በመቀስ ቆርጬ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ መጨረሻ ላይ ጂንሴ ላይ ፈተግኩት። ኤቲኤም ካርድ የትም አገር ሂጂ ውፍረቱ አንድ ነው፣ 0.76 ሚሊሜትር። ትንሽ አድርገሽ ከቆረጥሽው ደግሞ አይታጠፍም። የሚቧጭረው የጃዝ ስሪዋ ነበረች፣ ጫፏ ተበልታለች። ጫፉ አንድ ወገን የተበላ ፒክ ክሩን እንደ ሞረድ ነው የሚፍቀው። ሰዉ ግን ክር ይቀይራል እንጂ ፒክ አይቀይርም።

እሷ፦ አፈርኩ። እንግዲያው በውድ መግዛት...

እሱ፦ ቆይ፣ ካርዱም ቶሎ ያልቃል። ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ነው። ጊዜው ያለፈበት ካርድ ደግሞ ከየት ታመጫለሽ በየሳምንቱ...

(ድምፅ ይቋረጣል)

እሷ፦ ሄደ! አላልኩም?

እሱ፦ አንቺ ነሽ ያሟረትሽው። መቅጃው በባትሪ ነው አይደል? እንቀጥል። እንዲያውም ጥሩ ጊዜ ላይ ሄደ። አሁን አምፕሊፋየር የለኝም። (ጊታር በቀስታ ይሰማል) ይሰማሻል? ይሄ ነው የጃዝ ጊታሪስቱ የጃንጎ ራይንሃርት ችግር። ፓሪስ ላይ በፈረንጆቹ 1934 ያ ታዋቂ የአምስት ሰው ባንዳቸው ሲመሠረት ጊታሩ በእንጨቱ ድምፅ ብቻ ነው ከቫዮሊን ጋር የሚታገለው። ስለዚህ ወፍራም ፒክ፣ ጠንከር ያለ ምት። ወደ ታች ሲመታ ፒኩ ቀጥሎ ያለው ክር ላይ ያርፋል። ያ ሰው በእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተው በቀሩት ነው እንዲያ የተጫወተው።

እሷ፦ ፒኩ ከምን ነበር?

እሱ፦ የዚያን ጊዜ ምርጡ ከባሕር ኤሊ ቅርፊት የሚሠራው ነበር። ክሩ ላይ አይንሸራተትም፣ አይቧጭርም፣ ድምፁም ይሞላል ይባልለታል። ኤሊዋ ልታልቅ ደረሰች። ከፈረንጆቹ 1970ዎቹ ወዲህ ዓለም አቀፍ ንግዱ ተከልክሏል። በፊትም ቢሆን በርካሽነቱ ሴሉሎይድ ተክቶት ነበር። ዛሬ ሱቅ ያለው ያ ቡናማ ዥንጉርጉር ፒክ የኤሊውን መልክ የወሰደ ፕላስቲክ ነው።

እሷ፦ ቀንዱ እዚህ ላይ ነው የሚገባው መሰለኝ።

እሱ፦ የኤሊው ቅርፊትና የላም ቀንድ የሚሠሩት ከአንድ ዓይነት ነገር ነው፣ ኬራቲን። ጥፍራችንም ያው ነው። ክራር መቺዎች ከቀንድ የተሠራ መምቻ ሲጠቀሙ የኖሩት በከንቱ አይደለም። እኔ ቅዳሜ ገበያ ቀንድ ልፈልግ አስቤ ነበር። ከዚያ እናቴ ቤት አፉ የተሰነጠቀ አሮጌ የቀንድ ዋንጫ አየሁ።

እሷ፦ እንዳትለኝ!

እሱ፦ የተሰነጠቀውን ብቻ ነው! ቁራጯን በትንሽ መጋዝ አወጣሁ። ስሞርደው ቤቱ በሙሉ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። ጎረቤት መጥታ «ማን ነው ጠጉር የሚያቃጥለው?» አለች። አንድ ሚሊሜትር ተኩል እስኪሆን ፈተግኩት። በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ አሸሁት። እያት፣ ወደ ብርሃን ስታደርጊያት ማር ትመስላለች።

እሷ፦ ወይ ጉድ፣ ታምራለች። ግን ትንሽ ጎብጣለች አይደል?

እሱ፦ ክረምት ነዋ! ቀንድ እርጥበት ይጠጣል። ነሐሴ ላይ ጀልባ ሆና አገኘኋት። መጽሐፍ ሥር አድርጌ ሁለት ቀን አቆየኋትና ተመለሰች። ላብም ያጎብጣታል። ለመድረክ አልወስዳትም። ቤት ውስጥ ግን ከእሷ ሌላ አልነካም።

እሷ፦ እንግዲህ ልጁ ምን ያድርግ? ጠቅለል ሳይሆን ነገ ጠዋት ምን ያድርግ?

እሱ፦ ስሷን አዙሮ ይሞክር። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለው አንድ የ1 እና አንድ የ1.5 ሚሊሜትር ፒክ ያስመጣ፣ ሁለቱም ይለያያሉ። አጥብቆ አይያዝ። ወፍራም ፒክ አንቀህ ከያዝከው ክሩ ይመልስሃል። ዳቦ ቆርሰህ ለሕፃን እንደምትሰጥ ያዘው። ትንሽም ዘንበል አድርገው፣ ጠፍጣፋውን ሳይሆን ጠርዙን ክሩ ይቅመሰው። ድምፁ ከተናደደብህ ደግሞ እጅህን ከብሪጁ፣ ክሮቹ ጊታሩ ሆድ ላይ ከሚያርፉበት፣ አርቀህ ወደ አንገቱ ጠጋ አድርገው። የቆርቆሮው ድምፅ አብዛኛው ከብሪጁ አጠገብ ነው የሚኖረው።

እሷ፦ እኔም አንድ ከቀንድ እፈልጋለሁ ጋሼ። ያ ዋንጫ እኮ ብዙ ይወጣዋል።

እሱ፦ እናቴ ቁራጩ የት ሄደ ብላ እየፈለገች ነው። ይሄን ክፍል እንዳትሰማው ስልኳን ደብቄያለሁ።

እሷ፦ እማማ፣ እየሰሙ ከሆነ...

እሱ፦ ቁረጪው! መቅጃውን ዝጊው!