ለዘር የሚሆነውን በሶብላ አትልቀሙት

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ከትምህርት ቤት የመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የተሰበሰብነው ዘር ለመለዋወጥ ነው። ስለ ቅመማ ቅመም በጠቅላላው እንድናገር ነበር የተጋበዝኩት። እኔ ግን ስለ አንዱ ብቻ ላውራችሁ፤ ስለ በሶብላ።

በሶብላ የማይገባበት ቤት የለም። ሽሮ ውስጥ አለ። በርበሬ ውስጥ አለ። ቅቤ ሲነጠር ከኮሰረቱና ከኮረሪማው ጋር ይጨመራል። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። የበሶብላ ዘር ቤቱ ያስቀመጠ ማን አለ? ለወጥ የሚሆነውን ደረቅ አበባ አይደለም የምላችሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ተብሎ፣ ተለይቶ የተቀመጠውን ነው።

ዘር ማስቀመጥ የቀረው ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ጓሮው ጠበበ። ኮንዶሚኒየም ገባን። በርበሬውም ሽሮውም ተዘጋጅቶ፣ ተፈጭቶ ይሸጣል። ሥራ ውላ የምትመጣ እናት ይህን ብትገዛ ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ነገር ግን ሁላችንም ገዢ ብቻ ከሆንን ዘሩን የሚይዘው ማነው? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

አገራችን ዘር ማጣት ምን እንደሆነ ታውቃለች። በ77ቱ ድርቅ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት ተገዷል። የሩሲያው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ አይቶ፣ ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መገኛዎች አንዷ ናት ብሎ ነበር። ያ ሁሉ ሀብት በአንድ ክፉ ዘመን ሊጠፋ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል፣ የዛሬው የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ብዙ ዘር ሰብስቦ አተረፈ። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ደግሞ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይጠበቅም፣ ገበሬው ማሳ ላይም መኖር አለበት ብለው ከገበሬዎች ጋር ሠሩ። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተሸልመዋል።

ይህን ያነሳሁት ማሳ ላይ የሚሠራው ለጓሮም ስለሚሠራ ነው። ማቀዝቀዣ ዘሩን ያቆያል። በሶብላው መቼ እንደሚለቀም፣ የቱ ሽታው እንደሚበልጥ የሚያውቁት ግን እናቶች ናቸው። ያ እውቀት የሚቆየው ሲዘራ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልግባ። ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

በሶብላ የናናና የጦስኝ ቤተሰብ ነው። ዘሩ ጥቁርና በጣም ትንሽ ነው። ጥልቅ አድርጋችሁ ከቀበራችሁት አይወጣም። ለስለስ ባለ አፈር ላይ በትኑትና ስስ አፈር ነስንሱበት። ውሃ በጣሳ አትድፉበት፤ ዘሩን ጠርጎት ይሄዳል። ሙቀትና ፀሐይ ይወዳል፣ ውርጭ ይገድለዋል። ጓሮ የሌለው ሰው በረንዳ ላይ በባልዲ ያበቅለዋል፤ ባልዲውን ከሥር መብሳት አትርሱ።

ኢንተርኔት ላይ ስለ ባዚል፣ ፒዛ ላይ ስለሚደረገው የበሶብላ ዘመድ፣ የተጻፈ መመሪያ ካነበባችሁ ጠንቀቅ በሉ። አበባ ሲያወጣ ቶሎ ቁረጡት ይላል። እነሱ የሚፈልጉት ቅጠሉን ነው። እኛ የምንፈልገው አበባውን ጭምር ነው፤ የሽሮውና የበርበሬው ሽታ ያለው እዚያ ነው። ችግራችንም የሚመጣው እዚሁ ላይ ነው። ለወጥ የሚለቀመው አበባው ትኩስ ሳለ ነው፣ ዘሩ የሚበስለው ደግሞ ቆይቶ ነው። ሁሉንም ለወጥ ከለቀማችሁ ለከርሞ የሚዘራ ዘር የለም። ስለዚህ አበባ ሳይጀምር በፊት የተሻሉትን ምረጡና ክር እሰሩባቸው። ክር የታሰረበትን ማንም አይነካም፣ እንግዳ ቢመጣም። አንድ ተክል ብቻ አትምረጡ፤ የተሻሉት አስር ከሆኑ ከአስሩም ይሁን። ከአንዱ ብቻ የተለቀመ ዘር ዓይነቱን ያጠበዋል።

ዛላው ከታች ወደ ላይ ቡናማ እየሆነ ሲሄድ ደርሷል። ጤዛ ከለቀቀ በኋላ፣ በደረቅ ቀን ቁረጡት። ዝናብ ካገኘው ዘሩ እዚያው ያብጥና ይበላሻል። ጥላ ውስጥ ወረቀት ላይ አድርቁት፣ በእጃችሁ እሹት፣ በሰፌድ አንፍሱት። በእያንዳንዷ ትንሽ ቆብ ውስጥ እስከ አራት ዘር ታገኛላችሁ። ከገበያ የተገዛ ደረቅ በሶብላ ውስጥም ዘር አይጠፋም፤ ሲለቀም በስሎ ከነበረ ሊበቅል ይችላል። ለመሞከር እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት። ወዲያው ውሃ ይዞ ያብጣል፣ ልስልስ ነገር ይለብሳል። ይህን አይታችሁ ሕያው ነው አትበሉ፤ የሞተ ዘርም ያብጣል። ሥር ሲያወጣ ነው ማረጋገጫው።

ሌላው ነገር መዳቀል ነው። ፒዛ ላይ የሚደረገው ባዚልና የኛ በሶብላ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ጎን ለጎን ካበቡ ንብ ታዳቅላቸዋለች። ዘንድሮ ምንም አይታያችሁም። ከዚያ ዘር በሚበቅለው ላይ ግን ሽታው የተቀየረ ልታገኙ ትችላላችሁ። በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም በረንዳቸው ላይ በሶብላ ለሚተክሉ ዘመዶቻችሁ ይህን በተለይ ንገሩልኝ፤ እዚያ ባዚል ያልተከለ ጎረቤት ማግኘት ከባድ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የባዚሉን አበባ ሳይፈነዳ ቁረጡት፤ ለቅጠሉ ስለሆነ ምንም አይጎዳውም። በሶብላውን ተዉት ያብብ። ዘር በፖስታ የምትልኩ ደግሞ የየአገሩን የዕፅዋት ጤና ሕግ ጠይቃችሁ ላኩ፤ ያለ ማረጋገጫ ወረቀት የተላከ ዘር ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል።

እዚህ እርስ በርስ መለዋወጥ ይከለከላል ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ስለ ጄኔቲክ ሀብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአካባቢ ማኅበረሰቦች በልማድ የሚያደርጉትን መጠቀምና መለዋወጥ ከፈቃዱ ሥርዓት ውጪ አድርጎታል። ስለዚህ ያለ ስጋት ተለዋወጡ።

ኮሰረት ይዛችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ ዘር አትፈልጉ። እሱ በብዛት የሚባዛው ቅርንጫፉ ተቆርጦ ነው። በስተግራ ባለው ባልዲ ውስጥ የተቆረጠ አለ፤ ዛሬውኑ ትከሉት።

የበሶብላው ዘር ጠረጴዛው ላይ በወረቀት ፖስታ አለ። የያዛችሁ ያመጣችሁትን እዚያው አስቀምጡ፣ ያልያዛችሁ ውሰዱ። ፖስታው ላይ የመጣበትን ቀበሌ፣ የተለቀመበትን ወርና ያቆየውን ሰው ስም ጻፉበት። እናቶቼ፣ መጻፍ ካስቸገራችሁ ልጆቹ አጠገባችሁ ናቸው፤ እናንተ ንገሯቸው፣ እነሱ ይጽፋሉ። ከሁለት ፖስታ በላይ አትውሰዱ፤ ከኋላ የተቀመጡትም ይድረሳቸው።

አመሰግናለሁ።