ራዲዮህን ክፈት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፣ ድምፁ ከገባ ይቅርታ።

ሰሞኑን አንድ መዝሙር ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ ብሎኛል። ርእሱ ወደ እኛ ሲመለስ «ራዲዮህን ክፈት» ነው። አልበርት ብራምሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው የጻፈው፣ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው። ሰውዬው በ1905 ኦክላሆማ፣ ስፓይሮ አጠገብ ተወለደ። ጥጥ ሲለቅም ያደገ የገበሬ ልጅ ነው። «አይል ፍላይ አዌይ»ን ሰምታችሁት ይሆናል፣ እሱም የእሱ ነው፤ የመጣለትም እዚያው ጥጡ ውስጥ ነው። በ1926 አርካንሳስ፣ ሃርትፎርድ ወደሚገኝ የመዝሙር ትምህርት ቤት ሲሄድ ኪሱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ኢ ኤም ባርትሌት ቤቱ አስገብቶ አስተማረው።

እኔን ደስ የሚለኝ እዚያ የሚማሩበት ኖታ ነው። ሰባቱ ድምፆች እያንዳንዳቸው ቅርፅ አላቸው፦ ዶ ሦስት ማዕዘን፣ ሶል ክብ፣ ላ አራት ማዕዘን። ገበሬው መስመር መቁጠር ሳያስፈልገው ቅርፁን አይቶ ይዘምራል።

የወንጌል ስርጭት መዝሙር ሲባል እኔ የለመድኩት «ተነሣ፣ ሂድ፣ ንገር» የሚለውን ነው። ይሄኛው ግን የሚያዘው ሰሚውን ነው፤ የትም አትሂድ፣ እጅህን ዘርግተህ ቁልፉን አዙር፣ በቃ። ራዲዮው ምሳሌ ነው እርግጥ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ተገናኝ ለማለት ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር ካልን ትንሽ ንግድም አለበት፤ ያኔ የመዝሙር መጽሐፍ አሳታሚዎች አራት አራት ዘማሪ እያደራጁ ራዲዮ ጣቢያ ይልኩ የነበረው መጽሐፋቸው እንዲሸጥላቸው ነው፣ ብራምሊም የሚጽፈው ለዚያ ገበያ ነበር። አልፈርድበትም። እኔስ «ሰብስክራይብ አድርጉ» እላችሁ የለ?

መዝሙሩ ግን በአንድ ነገር እርግጠኛ ነው፦ ከከፈትከው የሚናገር አለ።

አያቴ ይህን መዝሙር ሰምታ አታውቅም፣ ራዲዮ መክፈት ግን ታውቅበታለች። ዳንቴል የለበሰች ራዲዮ ነበረቻት። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥታ ከበርበሬው ጎን ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ማታ ለትንሽ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ጣቢያዋ ብሥራተ ወንጌል ነበር፣ በ1963 የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ላይ የከፈተው። አብዛኛው ዝግጅቱ ዜናና ትምህርት ነው፣ ስብከቱ አነስ ይላል። አያቴ የምትፈልገው ስብከቱን ብቻ ስለሆነ ዜናው ሲጀምር ባትሪ ለመቆጠብ ጥርቅም!

በ1977 ደርግ ጣቢያውን ወረሰው፣ ስሙንም «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» አለው። ብራምሊም ያረፈው በዚያው ዓመት ነው።

ለአያቴ ማንም አልነገራትም። እንደ ልማዷ ስትከፍተው መፈክር። ነካ ነካ ስታደርገው ማርሽ። እናቴ ያኔ ልጅ ናት፣ አሁንም ስታወራው በእጇ እያሳየች ነው፦ አያቴ ጆሮዋን ዳንቴሉ ላይ ለጥፋ ቁልፉን ፀጉር ታህል ወደዚህ፣ ፀጉር ታህል ወደዚያ። ብዙ ቆየች አለችኝ። በመጨረሻ «ባትሪው ነው» ብላ ዘጋችው።

ጠዋት ድንጋዮቹን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው።