«ሰኞ ሰኞ ነው እንጂ ልጄ»

እሱ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ክሊኒካል ጋቨርናንስ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ታካሚው እንዳይጎዳ ማን ምን ይከታተላል፣ ማንስ ይጠየቃል የሚለው ነገር። ከየት እንጀምር?

እሷ፦ እሱ ይቆየንና አንድ ነገር ልንገርህ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

እሱ፦ እሺ፣ ንገሪና።

እሷ፦ አንዲት እናት ማዘዣ ይዘው መጡ። የመገጣጠሚያ ብግነት አለባቸው። የታዘዘላቸው ሜቶትሬክሴት ነው። ይሄ መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ሲሆን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። ማዘዣው ላይ ያለው ግን «በቀን አንዴ» ነው።

እሱ፦ በየቀኑ ቢወስዱትስ?

እሷ፦ መቅኔን ያዳክማል፣ የደም ሴል ይወርዳል፣ አፍ ይቆስላል። በዚህ ስህተት ሰዎች ሞተዋል እኮ! ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ ምን አለች መሰለህ? «በየቀኑ ነው አይደል የሚወስዱት?» አላለችም። እንደዚያ ብትል «አዎ» ብለው ይሄዱ ነበር። «እንዴት ነው የሚወስዱት እናቴ?» አለቻቸው።

እሱ፦ እሳቸውስ?

እሷ፦ «ሰኞ ሰኞ ነው እንጂ ልጄ!» አሉ።

እሱ፦ ወይኔ!

እሷ፦ አየህ፣ አጠያየቅ ነው ያዳናቸው። ክኒኑ ተቆጥሮ፣ መለያው ተለጥፎ አልቆ ነበር።

እሱ፦ እኔ ግን ያንን የጻፈ ሰው በዝምታ መታለፍ የለበትም ባይ ነኝ።

እሷ፦ ዝም ይባል አላልኩም። ሀኪሙ ጋ ወዲያው ተደውሎ ተስተካክሏል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱ «በቀን» የሚለውን ቀድሞ ሞልቶ የሚያቀርብ ከሆነ፣ ሰውየውን ብትቀጣ ነገ ሌላው ያንኑ አይደግመውም?

እሱ፦ ይደግመዋል። ግን ተጠያቂነት ከሌለ ማን ይጠነቀቃል?

እሷ፦ ቅጣት የሚፈራ ሰው ስህተቱን ይደብቃል። የተደበቀውን ደግሞ ማንም አያርመውም።

እሱ፦ በግማሹ እስማማለሁ። አውቆ ቸል ያለውስ?

እሷ፦ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ይጠየቅ። ስለ ዜሮ ግን ሳልነግርህ አላልፍም!

እሱ፦ ዜሮ ደግሞ ከየት መጣች?

እሷ፦ 1.0 ሚሊግራም ብለህ ጻፍ። ነጥቧ ከደበዘዘች 10 ሆነች፤ አሥር እጥፍ! ስለዚህ 1 ብቻ ይጻፋል። ግማሽ ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው ነው። .5 ተብሎ አይተውም፣ 0.5 ነው የሚባለው፤ አለበለዚያ 5 ተብሎ ይነበባል።

እሱ፦ በአንዷ ነጥብ ማለት ነው?

እሷ፦ በአንዷ ነጥብ! ስምም እንደዚሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሎሴክ የሚባለው የጨጓራ መድኃኒት ላሲክስ ከሚባለው፣ ሽንት ከሚያሸናው ጋር እየተምታታ አስቸገረ። በ1990 ስሙን ፕራይሎሴክ አሉት። እንግዲህ ፋርማሲስቱን «ዓይንህን ግለጥ» ከማለት ስሙን መቀየር ተሻለ ማለት ነው።

እሱ፦ በዚህ አሸነፍሽኝ። ግን ወደ ርዕሳችን እንመለስ፣ ሰዓታችን እያለቀ ነው።

እሷ፦ ርዕሱ ውስጥ እኮ ነው ያለነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዘመቻ ሲጀምር፣ ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ ከባድና ሊቀር የሚችል ጉዳትን በአምስት ዓመት በግማሽ እንቀንስ ብሎ ነበር። ያ እንዲሆን እያንዳንዱ ፋርማሲ ለጥቂት የተረፈውን ስህተት መመዝገብ አለበት። የሰኞዋ ጉዳይ ማንንም አልጎዳችም ተብላ ብትረሳ ያቺው ኮምፒዩተር ነገም «በቀን» ትላለች።

እሱ፦ መዝገቡንስ ማን ያነበዋል? ብዙ ቦታ ተሞልቶ መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

እሷ፦ ልክ ነህ፣ በሽታው እሱ ነው። ስም የተሰጠው ኃላፊ ያስፈልገዋል። ሠራተኛው በቋሚነት አብሮ ያንብበው፣ ምን እንደተለወጠም እዚያው ይጻፍ። እኛ ጋ ሜቶትሬክሴት ሲሆን የሚወሰድበት ቀን በስሙ መለያው ላይ እንዲጻፍ ተወስኗል፤ «ሰኞ» ተብሎ።

እሱ፦ እናትየዋስ ማዘዣው እንደተሳሳተ ተነገራቸው?

እሷ፦ ተነገራቸው።

እሱ፦ እኔ ብሆን እጠራጠር ነበር። ሰው ይደነግጣል፣ መድኃኒቱን ጭራሽ ሊተው ይችላል።

እሷ፦ ደንግጠዋል። ግን ቀጣዩን ማዘዣ ራሳቸው እንዲያዩት ማወቅ አለባቸው።

እሱ፦ በዚህኛው ገና አልተስማማንም። የሚቀጥለው ሳምንት ከዚሁ እንጀምር?

እሷ፦ ከዚሁ እንጀምር። ኢንሱሊንንም እጨምራለሁ።