ደም ከተተካ በኋላ ያለው አደጋ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የማናግራችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፤ በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። ዛሬ የማነሣው ብዙ ደም ከመፍሰሱ የተነሣ ስለሚመጣው ሾክ (የሰውነት ክፍሎች በቂ ደም የማያገኙበት ሁኔታ) እና ለሕክምናው በእንስሳት ላይ ስለተሞከረው ኢንተርሉኪን-6 ስለተባለ ፕሮቲን ነው።

ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ያላት እናት ከመንዝ በአምቡላንስ ስትመጣ ጣቶቿ ቀዝቅዘው እናገኛቸዋለን፤ ጥፍሯን ተጭኜ ስለቀውም የነጣው ቦታ ቶሎ አይቀላም። ደሙን አቁመን፣ የፈሰሰውን ተክተን፣ የደም ግፊቷ ከተስተካከለ በኋላ እንኳ አደጋው አያልፍም፤ ምክንያቱም ኦክስጅን አጥተው የቆዩት የጉበትና የሳንባ ሕዋሳት ደም እንደገና ሲደርሳቸው የሚቀሰቀሰው ብግነት ራሱ ይጎዳቸዋል።

ኢንተርሉኪን-6 የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን ነው። ከከባድ አደጋ በኋላ በደማቸው ውስጥ እጅግ የሚጨምርባቸው ሕሙማን ብዙውን ጊዜ ሁኔታቸው የከፋ ነው፤ ይህን ፕሮቲን ፈጽሞ እንዳይሠሩ የተደረጉ አይጦችም ከሾክ በኋላ ጉዳታቸው አነስ ብሎ ታይቷል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት፣ ይኸው ፕሮቲን ደም ለፈሰሳቸው አይጦች የጠፋው ፈሳሽ በሚተካበት ሰዓት ሲሰጥ የጉበትና የሳንባ ብግነታቸውን ቀንሷል። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎችም ኢንተርሉኪን-6 በሕዋሳት ውስጥ ያለውን ስታት-3 የተባለ ፕሮቲን በማንቃት ሕዋሳትን ከሞት እንደሚታደግ አመልክተዋል። እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ተቃርኖ ነው፤ ልዩነቱ በጊዜውና በመጠኑ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ሰዓት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የደም መፍሰስን ከሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ከተባለው መድኃኒት ተምረናል። ክራሽ-2 የተባለው፣ ከ20,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ መድኃኒቱ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ሕይወት እንደሚያድን፣ ከዚያ ሲዘገይ ግን ሊጎዳ እንደሚችል አሳይቷል። በቤተ ሙከራ ያለ አይጥ ደሙ መፍሰስ የጀመረበት ደቂቃ ይታወቃል፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ስትጓዝ ሰዓታት ያለፉባት እናት ግን መቼ መድማት እንደጀመረች የሚነግረኝ ሰው ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ኢንተርሉኪን-6 በሰው ላይ የሚሞከር ከሆነ፣ ዘግይተው የሚደርሱ ሕሙማን ለብቻቸው ሊጠኑ ይገባል እላለሁ።

በእንዲህ ያለ ሙከራ የመሳተፍ ፈቃዱስ ከማን ይጠየቃል? ሾክ ውስጥ ያለች ሴት መልስ ልትሰጥ አትችልም፤ ባሏ ደግሞ ደም የሚሰጥላት ዘመድ ፍለጋ በስልክ ተጠምዷል። እኔ ብሆን ጥያቄውን በእርግዝና ክትትል ጊዜ፣ እናቲቱ በሙሉ ጤንነቷ ተቀምጣ ስታዳምጠኝ አቀርብላት ነበር፤ አልፈልግም ካለችም ቃሏን በክትትል ካርዷ ላይ እጽፍላታለሁ።