ለአንዲት እንጀራ ምጣድ አይጣድም፦ ከናፍታ ስቴሽን ዋገን ጋር መኖር

ሰላም ቤተሰብ! እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ ከፍራንክፈርት፣ ከቤታችን በር ላይ ነኝ። ከኋላዬ የምታዩአት ረጅም መኪና የኛ ናት። ስቴሽን ዋገን ናት፣ ናፍታ ናት፣ ሞተሯ 2 ሊትር ነው። ጀርመኖቹ ኮምቢ ይሏታል። ሦስት ልጆች ያደጉት በሷ ነው። እወዳታለሁ፣ አልደብቅም።

"ናፍታ ስቴሽን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃችኋለሁ። በየቀኑ ስንት ኪሎ ሜትር ነው የምትነዱት? ስለ ዋጋው አይደለም። ስለ ማርካውም አይደለም። መንገዳችሁ ስንት ነው? ይህን ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ የኋላውን በር ልክፈተው። እዩት! ለምሳሌ የስኮዳ ኦክታቪያ ኮምቢ ሦስተኛው ትውልድ 610 ሊትር ዕቃ ይይዛል። የኋላውን ወንበር ስታጥፉት 1740 ይሆናል። "ሊትር" ስላችሁ ግን ምንም አይታያችሁም። በኛ ልክ ልንገራችሁ። ለዘመድ ልጅ ክርስትና ስቱትጋርት ስንሄድ የጫንነው ይኸው፦ ሁለት ትልልቅ ድስት፣ አንዱ ዶሮ አንዱ አልጫ፣ በጋቢ ተጠቅልለው። እንጀራው በካርቶን። ረከቦቱ ከነጀበናው። የሕፃን ጋሪ። ሦስት ሻንጣ። የኋላው በር ሳይገፋ ተዘጋ። ወለሉ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። የሞላ ድስት ከፍ ያለ መኪና ላይ ያነሣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ጀርመን ውስጥ ልጅ 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ የልጅ ወንበር ግዴታ ነው። ሦስት የልጅ ወንበር ጎን ለጎን የማይገባበት መኪና ብዙ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሦስቱንም ይዛችሁ ሂዱና ግጠሟቸው። ሻጩ ይጠብቅ።

እሺ፣ አሁን ወደ ሞተሩ። ስለ ናፍታ ሞተር ሳስብ ሁሌ የሚታየኝ የእናቴ ምጣድ ነው። እንጀራ የጋገረ ወይም ሲጋገር ያየ ይሰማኛል። ምጣድ እስኪሰማ ጊዜ ይፈልጋል። እሳቱ እንደነደደ ሊጥ ብታፈሱበት እንጀራው ይጣበቃል፣ ዓይንም አያወጣም። መጀመሪያ በጎመንዘር ይታሰሳል፣ ከዚያ ማሟሻዋ ትጋገራለች። ማሟሻዋን እኛ ልጆቹ በበርበሬ እንሻማባት ነበር። ሁለተኛው ትንሽ ይሻላል። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን በቃ፣ ምጣዱ ሰምቷል! አክንባሎው ሲነሣ እንፋሎቱ ቡልቅ ይላል፣ እንጀራው በራሱ ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ብትጋግሩ፣ አርባ ብትጋግሩ አይደክመውም። እንዲያውም እየጣፈጠ ይሄዳል።

ናፍታ ሞተር ማለት ይሄ ነው። መንገድ ሲረዝምለት ይጣፍጠዋል። ለአንዲት እንጀራ ብሎ ምጣድ የሚጥድ ሰው አለ? የለም። ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ለማድረስ 2 ኪሎ ሜትር ነድቶ ማጥፋት፣ ከሰዓት ተነሥቶ ሌላ 2 ኪሎ ሜትር። ይህ በየቀኑ ማሟሻ ብቻ ጋግሮ ምጣዱን ማጥፋት ነው። ሁለተኛዋ እንጀራ መቼም አትመጣም።

ቴክኒኩ አጭር ነው፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ናፍታ እንደ ቤንዚን በካንዴላ ብልጭታ አይነሣም። አየሩ ወደ 16 እጥፍ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ይግላል፣ ናፍታው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ከዚያ የሚወጣውን ጥቀርሻ ማጣሪያው ይይዛል። ዲ ፒ ኤፍ የምንለው እሱ ነው። ማጣሪያው ሲሞላ መኪናው ራሱ ወደ 600 ዲግሪ አግሎ ጥቀርሻውን ያቃጥለዋል። ለዚህ ግን የጋለ ሞተርና ያልተቋረጠ መንገድ ይፈልጋል። መሀል ላይ ደጋግማችሁ ካቋረጣችሁት ማጣሪያው ይደፈናል። ያልተቃጠለው ናፍታም ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱን ያቀጥነዋል። በቃ ይኸው ነው።

አሁን ባለፈው ቪዲዮ ሥር የተጻፈውን ላንሣ። አንድ ወንድማችን፣ "ናፍታ እኮ ጠዋት ቆሞ 10 ደቂቃ ካልሞቀ ሞተሩ ይበላል" አለ። ከሥሩ ብዙ ሰው "ልክ ነህ" ብሎታል። ወገኖቼ፣ ይህንን በደንብ እናውራው።

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ብዙዎቻችን ናፍታ ያወቅነው በጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ጎህ ሳይቀድ ያስነሣል፣ ሞተሩ ደር ደር ይላል፣ እሱ ሻዩን ይጠጣል። ምክንያት ነበረው። የትልቅ ጭነት መኪና ፍሬን በአየር ነው የሚሠራው፤ አየሩ እስኪሞላ መንቀሳቀስ አይቻልም። የድሮ ናፍታ ሞተር ደግሞ በብርድ ማስነሣት ራሱ ሥራ ነበር። ስለዚህ አባቶቻችን አልተሳሳቱም፤ የነሱ መኪና ሌላ ነበር። የኛ ኮምቢ የአየር ፍሬን የላትም።

ሌላም አለ። ናፍታ ሞተር ነዳጁን ቆጥቦ የሚጠቀመው ሙቀት ስለማያባክን ነው። ሙቀት የማያባክን ሞተር ደግሞ ቆሞ ቶሎ አይሞቅም። በጥር ብርድ 10 ደቂቃ አቁማችሁ ብታዩት የሙቀት መለኪያው ከቦታው ብዙም አይነቃነቅም። ምን አገኛችሁ? ጥቀርሻ። ማጣሪያው ነዳችሁም ቆማችሁም ጥቀርሻ መሰብሰቡን አይተውም። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ያለ ምክንያት ሞተር አስነሥቶ መቆም በሕግ ክልክል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አስነሡ፣ ቀበቷችሁን እሠሩ፣ ልጆቹን እዩ፣ ሂዱ። በዝግታ። እስኪሞቅ ድረስ ሞተሩን አታስጩኹት። እውነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ የሚጎዳው ቀዝቃዛ ሞተርን ማስጮህ ነው። ይህን ላላወቀ ሾፌር ቪዲዮውን ላኩለት፣ በዚያውም ሰብስክራይብ ያድርግ።

ስለ ገንዘቡ በፍጥነት። ጀርመን ውስጥ የናፍታ መኪና ዓመታዊ ግብር በየ100 ሲሲው 9.50 ዩሮ ነው፣ የቤንዚን 2 ዩሮ። ለ2 ሊትር ሞተር ናፍታው 190 ዩሮ፣ ቤንዚኑ 40 ዩሮ ማለት ነው፣ በጭሱ ካርቦን መጠን የሚታሰበው ለብቻው ሆኖ። በአንጻሩ ነዳጁ ላይ የሚጣለው የኃይል ግብር ለናፍታ በሊትር 47.04 ሳንቲም፣ ለቤንዚን 65.45 ነው። ብዙ የነዳ ያተርፋል፣ ጥቂት የነዳ ይከፍላል። ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ሊብሬው ላይ የጭስ ደረጃው "ዩሮ 6" መሆኑን አረጋግጡ፤ ገንዘቡ አይደለም፣ የአውሮፓ የጭስ መለኪያ ነው። የላይፕሲጉ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ የካቲት 2018 ከተሞች ናፍታ መከልከል ይችላሉ ካለ በኋላ ሃምቡርግ ጀመረችው፣ ስቱትጋርት ተከተለች። ዩሮ 6 የያዘ ከነዚያ እገዳዎች ነጻ ነበር።

እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ክረምት የባለቤቴ ሥራ ሰፈር ውስጥ ሆነ። እኔም በባቡር መሄድ ጀመርኩ። መኪናዋ ከኅዳር እስከ የካቲት መዋዕለ ሕፃናትና ሱፐርማርኬት ብቻ ተመላለሰች። አንዳንድ ማታ አቁመን ስንወርድ ማራገቢያው ሲጮህ፣ የጋለ ብረት ሲሸት እናስተውል ነበር። ያ የማጣሪያውን ጥቀርሻ እያቃጠለች ነው ማለት ነው። አታጥፉኝ፣ ትንሽ ንዱኝ እያለችን ነበር። አላወቅንም፣ አጠፋናት። ከዚያ ብርቱካናማዋ መብራት በራች፤ ነጠብጣብ የሞላባት ትንሽ ሣጥን። በነጋታው አውቶባን ላይ ጉልበቷ ጠፋ። ልጆቹ ከኋላ ነበሩ፣ ከባድ መኪናው ሁሉ እያለፈን ሄደ። ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። ያን ቀን አልረሳውም።

ጋራዥ በማሽን አቃጥለው አጸዱልን፣ ዘይቱም ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ በእግር ነው። ትልቁ ልጅ በብስክሌት። ኮምቢዋ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በኤ5 አውቶባን ወደ ጊሰን ከተማ ትወጣለች፣ አክስቴ ዘንድ። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሳይቆም። ከፍሪድበርግ አካባቢ ጀምሮ ሞተሯ ድምፁ ይለሰልሳል፣ የሙቀት መለኪያው 90 ላይ ቀጥ ይላል። ትንሿ ልጄ ከኋላ፣ "አባ፣ ምጣዱ ሰማ?" ትለኛለች።

ሰምቷል እላታለሁ።

የናፍታን ጭስ ለማጽዳት የሚጨመረውን ፈሳሽ፣ የአድብሉን ነገር በሚቀጥለው ቪዲዮ እናያለን። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ በየቀኑ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትነዱም አብራችሁ። ቻው!